ስንት ይቆረጥ? መቼ ይቆረጥ? የወለጋ ቡና፣ ቅጠሉና የባዶ ዓመታት ታሪክ

(በነቀምቴ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



 የዛሬው ርእሴ ከታሪክ መምህር የሚጠበቅ አይመስልም። ከአንድ ተክል ላይ ምን ያህል ቅጠልና ቅርንጫፍ፣ በየትኛውስ ወር መቀነስ ይገባል የሚል ጥያቄ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ባልደረቦቼ «ይህ የእኛ ማሳ ነው» ቢሉኝ አልቀየማቸውም። ሆኖም ጥያቄው ወይን ለሚተክል፣ ሻይ ለሚለቅም፣ ጫት ለሚቀነጥብ፣ ቡና ለሚንከባከብ ሁሉ የሚደርስ ነው። በወለጋ ቡና ላይ ሳነሳው ደግሞ መልሱ ከተክሉ አልፎ ወደ መሬት ሥሪት፣ ወደ ንግድ መንገድና ወደ መንግሥት ውሳኔ ሲወስደኝ አገኘሁት።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። «ስንት እንቁረጥ?» የሚለው የተክል ጥያቄ ሆኖ ይጀምራል። በታሪክ ውስጥ ግን መልሱን የወሰነው ከቁርጡ በኋላ የሚመጡትን ባዶ ዓመታት የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው። ኪሳራውን የማይሸከም አዛዥ አብዝቶ ያስቆርጣል፤ ኪሳራውን ብቻውን የሚሸከም ገበሬ ደግሞ ከሚገባው በታች ይቆርጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ትክክለኛው ልክ ሲጠፋ ኖሯል።

የቅጠሉ ሒሳብ

ቅጠል የተክሉ ማጀት ነው፤ ምግቡ የሚሰናዳው እዚያ ነው። በኬንያ የተካሄዱ ጥናቶች አንድ የቡና ፍሬ ዛፉን ሳይጎዳ እስኪበስል ድረስ ወደ 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የቅጠል ስፋት እንደሚያስፈልገው ገምተዋል። በግርድፉ ሲታይ አንድ ደህና ቅጠል ሁለት ያህል ፍሬ ይመግባል ማለት ነው። ፍሬው ከዚህ በላይ ሲበዛ ቡናው እንደሌሎች ብዙ ዛፎች ትርፉን አያረግፍም፤ ከቅርንጫፉና ከሥሩ ስንቅ እየመዘዘ ይመግበዋል። በዚህም ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ቡና ፍሬ የሚይዝበት ቦታ ነው። አበባው የሚወጣው በአብዛኛው ባለፈው ክረምት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ፣ በየቅጠሉ ብብት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የሚቆረጠው ለጋ ቅርንጫፍ የከርሞ ፍሬ ነው። ዘንድሮ እጅግ የተሸከመ ዛፍም አዲስ ቅርንጫፍ ለማሳደግ አቅም ስለሚያንሰው ከርሞ ይነጥፋል። ገበሬው አንድ ዓመት ሞልቶ በቀጣዩ የሚጎድለውን ቡና የሚያውቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የአቆራረጡ ሕግ ይወጣል። ገረዛ የሚባለው ቀለል ያለው ሥራ የደረቀውን፣ የተጠላለፈውን፣ ወደ ውስጥ የገባውንና ከግንዱ ያለ ሥርዓት የሚፈነዳውን ቡቃያ ማስወገድ ነው። ዓላማው ጥላ ውስጥ ተደብቆ ከሚሰጠው ይልቅ የሚበላው የበዛውን ክፍል አንሥቶ፣ ብርሃንና ነፋስ ወደ ዛፉ እንዲገቡ ማድረግ ነው። ጤነኛውን፣ ብርሃን የሚያገኘውን ቅጠል መመልመል ግን ማጀቱን ማፍረስ ነው። ጉንደላ ደግሞ ሌላ ነው። ያረጀውን ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ በመጋዝ ቆርጦ፣ ከሚያቆጠቁጡት ቡቃያዎች ሁለት ወይም ሦስቱን መርጦ አዲስ ዛፍ ማሳደግ ነው። ቁርጡ ውኃ እንዳያቁር ዘንበል ይላል፤ ግንዱ እንዳይሰነጠቅ ከመጥረቢያ ይልቅ መጋዝ ይመረጣል። መሣሪያው ካልጸዳ ግን ቡናን የሚያደርቀውን የግንድ በሽታ ከዛፍ ወደ ዛፍ ያዛምታል።

ጊዜውስ? በወለጋ ለቀማው ባመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አልፎም እስከ ጥር ይዘልቃል። ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ፣ በተለይም ከጥር እስከ መጋቢት፣ የመቁረጫ ወቅት ነው። ፍሬው ከዛፉ ወርዷል፤ ቡቃያው ደግሞ ዝናቡን ሙሉ ለሙሉ ይጠቀምበታል። ቆይቶ የተቆረጠ ቡና ከፊል ክረምቱን ያባክናል። እነዚህን ሦስት ወራት አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ከሥልጠናው በፊት የነበረ ዕውቀት

የቡና እንክብካቤ ከጥናት ማእከላት ጋር አብሮ የመጣ እንዳይመስለን። በአንፊሎ ደን፣ በጊምቢ ዙሪያና በቄለም ኮረብታዎች ገበሬው ለረጅም ዘመን ብርሃን ሲመጥን ኖሯል፤ መቁረጡን የጀመረው ግን ከቡናው ሳይሆን ከላዩ ካለው ዛፍ ነው። የጫካ ቡና ወደ ከፊል ጫካ ቡና የሚለወጠው ሥሩ ሲመነጠርና ከጥላ ዛፎች የሚቀሩት ሲመረጡ ነው። ዋንዛ (በኦሮምኛ ዋዴሳ)፣ ሰሳ፣ ግራርና ብሳና (በኦሮምኛ በከኒሳ) ከሚተዉት መካከል ናቸው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰሳ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጥላ ይሰጣል፤ ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን አርግፎ አፈሩን ያለብሳል፤ ግንዱም ለበርና ለጣውላ ይሆናል።

ጥላው ምን ይሠራል? የአበባውን ብዛት ይገታል። ጥላው ጨርሶ ሲነሣ ቡናው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ብዙ ይሰጣል፤ ከዚያ ግን ቀድሞ ባልኩት መንገድ ይደክማል። ጥላው ሲበዛ ደግሞ ዛፉ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይዝም። የገበሬው ጥበብ ይህን መሐል መጠበቅ ነበር፤ በየዓመቱ በጥቂቱ፣ የዕለቱን እንጀራ ሳይነካ።

እዚህ ላይ የባህሉን ክብደት መዘንጋት አይገባም። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ቡና ከዋቃ እንባ የበቀለ ነው የሚል ትረካ አለ። ፍሬውን በቅቤ የማብሰሉ ሥርዓትም «ቡና ቀላ» ይባላል፤ ትርጓሜው ቡና ማረድ እንደማለት ነው። ለምርቃትና ለዕርቅ የሚቀርብን ዛፍ ከጉልበቱ በታች በመጋዝ መቁረጥ ለአንድ አባወራ የእርሻ ሥራ ብቻ ሆኖ እንደማይታየው መገመት አያዳግትም።

የባሮ ውኃና የነቀምቴ ገበያ

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። የለቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ከእምባቦ ጦርነት፣ ማለትም ከ1874 ዓ.ም. በኋላ ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ። ልጃቸው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ይህን ሥርዓት ይዘው ቀጠሉ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም እዚሁ ነቀምቴ ቆሞ ይታያል። አሌሳንድሮ ትሩልዚና ተሰማ ታአ አሰናድተው ያሳተሟቸው የወለጋ ሰነዶችም የዚያን ዘመን አስተዳደር ለማጥናት ዋና በር ከፍተውልናል። በዚያ ዘመን ከምዕራቡ ሸቀጥ ቀዳሚዎቹ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ነበሩ። ቡና ከእነርሱ ኋላ ተነሥቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርታት ቀደማቸው።

ለዚህ ትልቁ ምክንያት ጋምቤላ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ የቄለም፣ የጊምቢና የኢሉባቦር ቡና በካርቱም መንገድ ወደ ዓለም ገበያ ወጣ። ሆኖም ባሮ ትልልቅ ጀልባዎችን የሚያስኬደው በክረምት፣ ውኃው ሲሞላ ብቻ ነበር። በመሆኑም ቡናው በበጋ በበቅሎና በአህያ ወርዶ፣ ጋምቤላ ተከማችቶ ወንዙን ይጠብቃል።

አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ወራት እዚህ ላይ ይመለሳሉ። መንገዱ ደርቆ ቅፍለቱ የሚንቀሳቀስበት ወቅት ዛፉ የሚቆረጥበት ወቅት ነው። ሰውና ከብት ቡናውን ይዘው ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ማሳው ላይ ያለው ጉልበት ይሳሳል። ይህ ከወራቱ መግጠም የማወጣው ትንታኔዬ ነው፤ ነገር ግን የሚያመለክተን ነገር አለ። ንግዱ ጆንያውን ይፈልጋል፤ ጆንያውን ከርሞ የሚሞላውን ቅርንጫፍ የሚቆጥር ግን በንግዱም ሆነ በግብሩ መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። ግብር የሚሰበሰበው ከደረሰው ፍሬ ነው፤ ለሚታደስ ዛፍ የሚሰጥ ፋታ አልነበረም።

የመሬቱ ቀላድ ነገሩን አጠበቀው። መሬት ተለክቶ በባለርስትና በጭሰኛ መካከል ሲከፈል የዛፉ ዕድሜና የገበሬው ዋስትና ተለያዩ። ቡና ዐሥርታት የሚኖር ዛፍ ነው። ጭሰኛው ግን በከርሞው ማሳ ላይ መገኘቱን አያውቅም። ዛሬ ቢጎነድል ሁለት ዓመት የሚራበው እሱ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት የሚለቅመው ሌላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ያረጀ ዛፍ አለመቁረጥ ስንፍና ወይም ድንቁርና አይደለም፤ ትክክለኛ ሒሳብ ነው። በኋለኛ ዘመን «ገበሬው ኋላ ቀር ስለሆነ አይጎነድልም» ተብሎ የተጻፈውን ስናነብ ይህን ሒሳብ አጠገቡ ማኖር አለብን።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መኪና በአምቦ በኩል ነቀምቴ መድረሱ ንግዱን ወደ አዲስ አበባ አዞረው። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የጋምቤላ የእንግሊዝ ጣቢያ አበቃ። በ1950ዎቹ የዓለም ዋጋ ሲወጣ፣ በተለይ የብራዚል ቡና በ1953 በውርጭ ከተመታ በኋላ፣ ቡና መትከል ተስፋፋ፤ በ1957 ደግሞ ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቋመ። «ለቀምት» የሚለው የነቀምቴ የንግድ ስም በትልቅ ፍሬውና ፍራፍሬ በሚመስለው ጣዕሙ በውጭ ገዥዎች ዘንድ ጸና። ዋጋ ሲወጣ ግን የሚቆርጥ ይጠፋል፤ ዛሬ ውድ የሆነውን ፍሬ ለነገ ብሎ የሚተው ጥቂት ነውና።

በሽታው ያመጣው መንግሥታዊ እጅ

በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ መታየቱ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። በሽታው በ1922 በኬንያ የታወቀ ሲሆን አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያበሰብሳል፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት ከፍታም ይበረታል። በጅማ አቅራቢያ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማእከል የወሰደው መንገድ የሚያኮራ ነው። ተመራማሪዎቹ በበሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን ከገበሬው ማሳና ከደኑ እየፈለጉ መረጡ። ዛሬ 74110፣ 74112፣ 74158 እያልን የምንጠራቸው ዝርያዎች ስማቸው ከዚያ የመጣ ነው፤ 74 የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታል። ኋላም በምዕራብ ወለጋ የሐሩ ንኡስ ማእከል ለአካባቢው የሚስማሙ እንደ ጫላና መና ሲቡ ያሉ ዝርያዎች ለገበሬው እንዲደርሱ አገልግሏል።

በዚሁ ዘመን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ታላቅ ለውጥ ነበር፤ ያልኩት የጭሰኛ ሒሳብ በሕግ ፊት አበቃ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ የጋራ ገበያ ገንዘብ የታገዘው የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት ችግኝ፣ ሥልጠናና ጉንደላ ወደ ገበሬው አደረሰ። ይሁንና ባዶዎቹ ዓመታት አልተሻሩም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ኮርፖሬሽን የሚቆርጠው ዋጋ ከዓለም ገበያው እጅግ ያነሰ ነበር፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የመጣው የመንደር ምሥረታም ብዙ አባወራዎችን ከጓሯቸው አራቀ። ገበሬው «ቁረጥ» የሚል ትእዛዝ ደረሰው፤ «እስኪያፈራ እኔ አለሁልህ» የሚል ዋስትና ግን አልደረሰውም።

የአንድ ሺህ ግንድ ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ አባወራ 1000 ያረጁ የቡና ግንዶች አሉት እንበል። የተጎነደለ ግንድ የሁለት ዓመት ምርት ያጎድላል፤ በሦስተኛው በደንብ ይሰጣል ብለን እናስብ።

ሁሉንም በአንድ በጋ ቢጎነድል በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት የሚለቅመው የለም። በሦስተኛው ዓመት 1000 አዲስ ዛፎች ይለቅማል። ለሪፖርት የሚያምረው ይህ ነው፤ በአንድ ዘመቻ አንድ ሺህ ግንድ ተጎነደለ ይባላል።

በየዓመቱ ሩቡን፣ ማለትም 250 እየጎነደለ ቢሄድስ? በመጀመሪያው ዓመት 750 ግንድ ይሰጠዋል፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 500፤ በአምስተኛው 750፤ በስድስተኛው 1000። ጠቅላላ ያጣውን ደምሩት፤ 250፣ 500፣ 500፣ 500 እና 250 ሲደመር 2000 የግንድ ዓመት ነው። በአንድ ጊዜ የጎነደለው ሰው ያጣውም 1000 ሲባዛ በ2፣ ያው 2000 ነው።

ተመልከቱልኝ፤ በዛፉ በኩል ኪሳራው እኩል ነው። እንዲያውም ቶሎ የቆረጠው እድሳቱን ቀድሞ ይጨርሳል። ልዩነቱ በቤቱ በኩል ነው። አንደኛው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ቡና ገቢ ይቀመጣል፤ በሬውን ይሸጣል፣ ከአራጣ አበዳሪ እጅ ይወድቃል፣ ልጁን ከትምህርት ያስቀራል። ሁለተኛው ቤት ግን ከግማሽ በታች አይወርድም። ስለዚህ «በየዓመቱ ከፊሉን» የሚለው ምክር ከተክል ሳይንስ ብቻ አልወጣም፤ የድሃውን ቤት አቅም የሚያውቅ ምክር ነው። ደኑ ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት ጥላ ይቀንስ የነበረው የጥንቱ ገበሬም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ሌሎች አገሮች ሌላ መልስ ሰጥተዋል። ከ2008 እ.ኤ.አ. በኋላ የቅጠል ዝገት በሽታ ኮሎምቢያን ሲመታ የዓመት ምርቷ ከ12 ሚሊዮን ጆንያ ገደማ ከ8 ሚሊዮን በታች ወረደ። የቡና ገበሬዎች ፌዴሬሽኗና መንግሥቷ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ሲያከፋፍሉ፣ ለእድሳቱ ብድርና ድጋፍም አቅርበዋል። ይህም የመጠበቂያውን ጊዜ ዋጋ ከገበሬው ጋር መጋራት ነው።

ማጠቃለያ

ጥያቄው ለዛሬዋ ወለጋ ምን ይላል? ባለፉት ዓመታት በምዕራቡና በቄለም በኩል ጸጥታ ሲታወክ ብዙ ቤተሰብ ከማሳው ተለይቷል። ጉንደላ በመሠረቱ የእምነት ሥራ ነው። ዛሬ መጋዙን የሚያነሣ ሰው «በሦስተኛው ዓመት እዚሁ እገኛለሁ፤ መንገዱም ክፍት ይሆናል፤ ዋጋውም አይወድቅም» ብሎ የሚወራረድ ሰው ነው። ሰላም በሌለበት ያረጀ ዛፍ ሳይቆረጥ ቢያረጅ ጥፋቱን በገበሬው ላይ መጫን አንችልም። ዛፉን የሚያድሰው መጋዝ ብቻ ሳይሆን የነገው እርግጠኝነት ነው።

ለግብርና ተማሪዎች የምለው ይህ ነው፤ «ስንት ሳንቲ ሜትር? በየትኛው ወር?» የሚለውን በሚገባ ተማሩት፤ ዕውቀቱ ታላቅ ነው። ነገር ግን አንድ ገበሬ ማሳ ገብታችሁ «ቁረጥ» ከማለታችሁ በፊት «እስኪያፈራ ምን ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ፦ የጆንያውን ቁጥር የሚናገር ሰነድ ስታገኙ ከጀርባው ያለውን ዛፍ ፈልጉት። ስንት ዓመቱ ነው? የቆመው በማን መሬት ላይ ነው? ያልተቆረጠውስ ለምንድን ነው? አንድ ያረጀ የቡና ግንድ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ግብርና ስለ ሰላም ከብዙ ደብዳቤ ይልቅ ሊነግረን ይችላል።